ስድስት ሳምንት፣ ሁለት ጊዜ

ይህ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለውን የአእምሮ ሕመም ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ በሐኪምነቴ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ ስገለብጠው ድግግሞሹን ቀንሻለሁ። በመጨረሻ የተነሱትን ጥያቄዎችም ጨምሬበታለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ።

ስኪዞፍሬኒያ ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስተምርም። ሌሊቱን ሙሉ ከማይታይ ሰው ጋር ሲከራከር የሚያድር ልጅ ያላችሁ፣ ምግቡ ተመርዟል ብላ ሦስት ቀን ሳትቀምስ የሰነበተች እህት ያላችሁ ሰዎች ናችሁ። እኔ በሽተኛውን በወር አንዴ ሃያ ደቂቃ ነው የማየው። እናንተ ግን አብራችሁት ታድራላችሁ። ዛሬ የመጣሁት ስለ ጊዜ ላወራ ነው። መድኃኒት አልይዝ ሲል ስንት ጊዜ እንጠብቃለን? መቼስ ነው «በቃ፣ ሌላ መንገድ» የምንለው?

በአንዲት እናት ልጀምር። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ቀያይሬዋለሁ። ልጃቸው ያኔ 27 ዓመቱ ነበር። እሳቸው ወደ ክፍሌ ሲገቡ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥለዋል። እኔ ካርዱን ሳገላብጥ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። የመድኃኒት ልጣጭ ነው። ባዶው አለ፣ ግማሹ የቀረ አለ፣ ክዳኑ የጠፋ ብልቃጥ አለ፣ በላስቲክ የታሰረ የማዘዣ ወረቀት አለ። «ዶክተር፣ ይሄ ሁሉ ሰባት ዓመት ነው» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ቁጭ ብዬ ለየሁት። ሃሎፔሪዶል። ክሎርፕሮማዚን። በየወሩ የሚወጋው ሞዲኬት። ሪስፔሪዶን። ኦላንዛፒን። ከዚያ እንደገና ሃሎፔሪዶል፣ አሁን ከሪስፔሪዶን ጋር ተደርቦ። ከማዘዣዎቹ ስድስቱ በእኔ እጅ የተጻፉ ናቸው። ካርዱ ላይም «መጠነኛ ለውጥ አለ፣ ይቀጥል» የሚል ማስታወሻዬ አለ። ቆጠርኩት፣ ስምንት ቦታ ተጽፏል። ልጁ በነዚያ ዓመታት ሁሉ ድምፅ እየሰማ ነበር። ድምፁ ቀነሰ ሲለኝ እኔ ለውጥ ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ሁሉ ልጣጭ መሃል ክሎዛፒን፣ ሌላው መድኃኒት እምቢ ሲል የሚሰጠው፣ አልነበረም። አንድም።

አሁን ሕጉን ልንገራችሁ። ሕግ ስል የሐኪሞች ስምምነት ማለቴ ነው። በ2017 ከብዙ አገር የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች «መድኃኒት የማይበግረው ስኪዞፍሬኒያ» የምንለው የትኛው ነው በሚለው ላይ ተስማሙ። አንድ ሰው ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶችን ሞክሮ ምልክቶቹ ካልለቀቁት ነው። ሙከራው ግን ሙከራ መሆን አለበት። እያንዳንዱ መድኃኒት ቢያንስ 6 ሳምንት መወሰድ አለበት። መጠኑ የሚበቃ፣ በክሎርፕሮማዚን ሲሰላ በቀን 600 ሚሊግራም የሚመጥን መሆን አለበት። ከታዘዘው ውስጥም ቢያንስ 80 በመቶው በትክክል መዋጥ አለበት።

ስድስት ሳምንት፣ ሁለት ጊዜ። ይኸው ነው። ስትደምሩት ሦስት ወር በቅጡ አይሞላም። መጠን ማስተካከያውን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሪያውን፣ የእኛን አገር የቀጠሮ መጓተት ጨምሩበትና ግማሽ ዓመት በሉት። አንድ ዓመትም ይሁን። ሰባት ዓመት ግን በምንም ስሌት አይመጣም።

በዚህ ግን ብቻዬን አይደለሁም፤ ለማመካኘት አይደለም የምለው። ለንደን ውስጥ፣ ሁሉ በተሟላበት ቦታ፣ ክሎዛፒን የጀመሩ 149 በሽተኞችን ካርድ መርምረው በ2012 ያወጡት ጥናት አለ። መጀመር ከነበረባቸው ጊዜ በአማካይ ወደ 4 ዓመት ዘግይተው ነው የጀመሩት። በነዚያ ዓመታት ከሦስቱ አንዱ ሁለት መድኃኒት ተደርቦለታል። ከሦስቱ አንዱ ደግሞ ከተፈቀደው በላይ መጠን ተሰጥቶታል። ከእኔ ካርድ የተቀዳ ነው የሚመስለው።

የሁለተኛውን መድኃኒት ነገር በቁጥር ላሳያችሁ። ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ገና የታመሙ 244 ሰዎችን ተከታትለው ነበር፤ በ2011 ታተመ። በመጀመሪያው መድኃኒት ከመቶው 75ቱ ተሻላቸው። ደስ ይላል። ያልተሻላቸው ወደ ሁለተኛው ሲዛወሩ ግን ከመቶው 17ቱ ብቻ ናቸው ለውጥ ያዩት። በሁለቱም እምቢ ካላቸው መካከል ክሎዛፒን የጀመሩት ጥቂት ነበሩ፤ ከነሱ ውስጥ ግን ከአራት ሦስቱ ተሻላቸው። 75፣ 17፣ 75። መሃል ላይ ያለውን ቁጥር እዩት። እኛ በዚያ የ17 ሰፈር ውስጥ ነው ዓመታት የምንኖረው። ሦስተኛ እንሞክር፣ አራተኛ እንሞክር እንላለን። ቁልፉ የማይገባበትን በር በሌላ ቁልፍ ሳይሆን በዚያው ቁልፍ፣ ቀለሙን ቀባ ቀባ አድርገን እንታገላለን።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አንዱ ማብራሪያ ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ነው። የተለመዱት መድኃኒቶች በሙሉ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋሉ። ቧንቧው ከመጠን በላይ ውሃ ለለቀቀበት ቤት መዝጊያ እንደማበጀት ነው። በ2012 ለንደን ላይ በአንጎል ምስል ሲታይ ግን መድኃኒት የሚሠራላቸው ሰዎች ዶፓሚን ከፍ ያለ ሆኖ፣ የማይሠራላቸው ሰዎች ዶፓሚን ከጤነኛው ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ። ቤቱ ሲጀመር በውሃ አልተጥለቀለቀም። መዝጊያ ብትደራርቡበት ምን ይሆናል? እጅ መንቀጥቀጥና መገተር ይሆናል እንጂ ድምፁ አይጠፋም። ክሎዛፒን ከሌሎቹ ለምን እንደሚለይ እስከ ዛሬ በቅጡ አልተፈታም። የዶፓሚን ማረፊያውን አጥብቆ እንደማይዘው ግን ይታወቃል።

ሌላም አለ። 323 የታመሙ ሰዎችን እንግሊዝ አገር ለ10 ዓመት ተከታትለው መድኃኒት አልይዝ ያላቸውን ለዩ። ከነሱ መካከል 84 በመቶው ገና ከመጀመሪያው ነው መድኃኒት እምቢ ያላቸው። ሰው «ቆይቶ ከፋበት» ይላል። ለአብዛኛው ሰው እንደዚያ አይደለም። ምልክቱ በመጀመሪያው ዓመት እዚያው ነበር፤ እኛ ነን ዘግይተን ያየነው።

እንግዲህ እውነቱን ለመናገር «መድኃኒት አልሠራም» ከሚባለው ውስጥ ስንቱ በእርግጥ ተውጧል? ይህን ሳላነሳ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። ክኒኑ ምላስ ሥር ይቀመጥና በኋላ አበባ ማስቀመጫ ውስጥ ይገኛል። ጫት ይቃማል፣ ማታ እንቅልፍ የለም፣ ጠዋት ክኒን ይዘለላል። ሱባኤ ሲገባ መድኃኒት ይቆማል። ብር ያልቅና መድኃኒቱ በየሁለት ቀኑ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ለሐኪም መናገር ያሳፍራል። ለዚህ ነው ከሁለቱ ሙከራዎች አንዱ በመርፌ ቢሆን የምመርጠው። መርፌ ምላስ ሥር አይደበቅም። መርፌው ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ አራት ወር ገደማ። ይህን ሁሉ ማጣራት ደግሞ የሳምንታት ሥራ ነው። «እስቲ መድኃኒቱን በትክክል ይውሰድና እናያለን» እየተባለ አምስት ዓመት ሲያልፍ አይቻለሁ። ጥፋተኛ ነኝ፣ እኔም ብያለሁ።

አሁን ወደዚህ አስቸጋሪ መድኃኒት ታሪክ ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም የሐኪሞቹ ፍርሃት ከዚያ ነው የመጣው።

ክሎዛፒን በ1950ዎቹ መጨረሻ ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ፣ ቫንደር በሚባል ኩባንያ ተሠራ። ሰውን ሳያንቀጠቅጥ፣ ሳያገትር የሚሠራ መድኃኒት መሆኑ ለዚያን ጊዜ ሐኪሞች የማይታመን ነበር። መድኃኒቱ ሠርቶ ሰውየው ካልተገተረ ሐሰት ነው ይሉ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ። በ1975 ፊንላንድ ውስጥ ክሎዛፒን ከሚወስዱ ሰዎች መካከል የነጭ ደም ሴላቸው ተሟጦ 8 ሰዎች ሞቱ። ነጭ ደም ሴል የሰውነት ወታደር ነው። እሱ ከሌለ ቀላል የጉሮሮ ቁስል ይገድላል። መድኃኒቱ ከብዙ አገር ተነሳ፣ ባልተነሳበትም ጥብቅ ገደብ ተደረገበት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ሐኪሙም እንዲያ ሆነ።

ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ አሜሪካ ውስጥ ጆን ኬንና ባልደረቦቹ ተስፋ የተቆረጠባቸውን 268 በሽተኞች ወሰዱ። ቢያንስ ሦስት መድኃኒት እምቢ ያላቸው ናቸው። ግማሹን በክሎዛፒን፣ ግማሹን በክሎርፕሮማዚን ለስድስት ሳምንት አከሙ። በክሎርፕሮማዚን ከመቶው 4ቱ ተሻላቸው። በክሎዛፒን 30ው። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቀደው፤ ግን የደም ምርመራ ካለ ብቻ በሚል ነው።

ምርመራውስ ሠራ? በ1993 የታተመው ቆጠራ ክሎዛፒን የጀመሩ 11,555 አሜሪካውያንን ያካትታል። ነጭ ደም ሴላቸው በአደገኛ ሁኔታ የወረደው 73 ናቸው። የሞቱት 2። ሁለት ሰው ሁለት ሰው ነው፣ አላቃልለውም። ግን ምርመራው ሰባ አንዱን አተረፈ። አደጋው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ ለ18 ሳምንት በየሳምንቱ ደም ይታያል፤ ከዚያ ይላላል። አሜሪካኖቹ ደግሞ ስድስት ወር በየሳምንቱ ይሉ ነበር። በ2025 ያንን አስገዳጅ የምዝገባ ሥርዓታቸውን አነሱት። ሰው ከደም መርማሪው ይልቅ በወረቀቱ እየተሰናከለ መድኃኒቱን እያጣ ነው በሚል ነው። ደም መመርመሩ ራሱ አሁንም ይመከራል።

ስለ ፊንላንድ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁሌ ይገርመኛል። መድኃኒቱን ያስፈራችው ያችው ፊንላንድ በ2009 የ66,881 የስኪዞፍሬኒያ በሽተኞችን መዝገብ አገላብጣ አየች። በመድኃኒት ዓይነት ሲለዩ ዝቅተኛው የሞት መጠን የታየው ክሎዛፒን በሚወስዱት ላይ ነበር። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ግን ራስን ማጥፋት ነው። ይህ በሽታ በዚያ መንገድ ብዙ ሰው ይወስዳል፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማውቃቸው ቤተሰቦች አሉ። በ2003 በታተመና 980 ሰዎችን በያዘ ጥናት ክሎዛፒን ከኦላንዛፒን የበለጠ ያንን አደጋ ቀንሷል። ስለዚህ «ክሎዛፒን አደገኛ ነው» ስትባሉ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰባት ዓመቱ ፌስታልም አደገኛ ነው።

ወደ ጊዜው ልመለስ። መዘግየት በራሱ ይጎዳል ወይ? በ2017 ጃፓን ላይ 90 በሽተኞችን ሲያዩ፣ መድኃኒት እንደማይበግረው ከታወቀ በኋላ ክሎዛፒንን በ2.8 ዓመት ውስጥ ከጀመሩት ከመቶው 82ቱ ገደማ ተሻላቸው። ከዚያ ከዘገዩት 31ዱ ብቻ። ልዩነቱ ያስደነግጣል። ግን ላጋንን አልፈልግም። ቶሎ የጀመሩት ሰዎች ድሮውንም በሌላ ነገር የተለዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቤተሰባቸው የሚከታተላቸው፣ ሕመማቸው ቀለል ያለ። በዕጣ ተከፋፍሎ «አንተ አሁን፣ አንተ ከአምስት ዓመት በኋላ» ብሎ የሚያጠና የለም፣ ሊኖርም አይገባም። እኔ በበኩሌ የምተማመነው በቀላል ሂሳብ ነው። አንድ ሰው በ21 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ በ22 ቢሻለው ተመልሶ ይመዘገባል። በ29 ቢሻለው ጓደኞቹ አግብተዋል፣ ማንበብ ረስቷል፣ ሰፈሩ ስም አውጥቶለታል። መድኃኒቱ እኩል ቢሠራ እንኳ የሚመለስበት ቦታ እኩል አይደለም።

ስለ አገራችን ስናወራ ደግሞ ሌላ መዘግየት አለ። ቡታጅራ ላይ ከ1998 ጀምሮ የተካሄደው ጥናት ዓለም የሚያውቀው ነው። 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት አዳረሱ። ከተገኙት የስኪዞፍሬኒያ በሽተኞች 321ዱን ለዓመታት ተከታተሏቸው። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት አንድም ክኒን አልዋጡም። ሲሶ ያህሉ ያለማቋረጥ ታመው ነው የቆዩት። ለእነሱ ጥያቄው ሁለተኛው መድኃኒት አይደለም። የመጀመሪያው ነው። እኔ እዚህ ስለ 6 ሳምንት ሳወራ አገር ቤት ዛፍ ሥር በሰንሰለት ስለታሰረው ሰው እያሰብኩ ነው። እሱም ሰዓት አለው። ይህን ግን ዛሬ አልዘረዝረውም፣ ሌላ ንግግር ነው።

ክሎዛፒን የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። በየወረዳው ፋርማሲ ግን አታገኙትም። በየሳምንቱ ደም ማየት የሚችል ላብራቶሪም ይፈልጋል። ማሽኑ አለ ሲሉን ኬሚካሉ የለም፣ ኬሚካሉ ሲመጣ መብራት የለም። ይህን ስለማውቅ «ነገ ጠዋት ጀምሩ» አልልም። «ነገ ጠዋት ጠይቁ» ነው የምለው። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር መባል ካለበት ሪፈሩ በአንደኛው ዓመት ይጻፍ፣ በስምንተኛው አይሁን።

አሁን መድኃኒቱን ለጀመሩት። እዚህ ላይ ቀስ እላለሁ፤ ምክንያቱም ቤት ውስጥ የሚያድነውም የሚገድለውም ይሄ ነው።

በ12.5 ሚሊግራም ነው የሚጀመረው። የአንድ ክኒን ግማሽ ነው። ከዚያ ቀስ እየተባለ በሳምንታት ውስጥ ይወጣል። የሚቸኩል ሐኪም ካያችሁ ተጠራጠሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደረት ሕመም፣ ትኩሳት፣ የልብ በፍጥነት መምታት ካለ የልብ ጡንቻ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ። ትራሱ ማታ በምራቅ ይርሳል። አትደንግጡ፣ ፎጣ አንጥፉ። ክብደት ይጨምራል፣ ስኳርም ይመጣል፤ ይህ ቀላል አይደለም።

ከሁሉ በላይ ስለ ሆድ ድርቀት እለምናችኋለሁ። ሰው ደሙን ደሙን ሲል ሆዱን ይረሳል። ክሎዛፒን አንጀትን ያሰንፋል። በአንጀት መዘጋት የሚሞተው ሰው በደም ችግር ከሚሞተው ይበልጣል። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳን «ሽንት ቤት ከሄድክ ስንት ቀንህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ለእናትም ለልጅም ያሳፍራል። ጠይቁ። ከሦስት ቀን ካለፈ ደውሉልን።

ሌላው 48 ሰዓት ነው። በማናቸውም ምክንያት ከሁለት ቀን በላይ ከተቋረጠ የድሮውን መጠን አትስጡ። እንደ አዲስ ከ12.5 ነው የሚጀመረው። ሰውነቱ ረስቶታል። 300 ሚሊግራም ሲውጥ የነበረ ሰው ሦስት ቀን ዘልሎ 300ውን ቢውጥ ደም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ፣ ከዚያም የከፋ ሊደርስበት ይችላል።

ሲጋራና ቡናም አለ። የሲጋራ ጭስ ክሎዛፒንን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣዋል። ስለዚህ አጫሹ ሆስፒታል ተኝቶ ማጨስ ሲያቆም መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይከማቻል። ቡና የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መድኃኒቱ እንዳይወጣ ይይዘዋል። አቦል ብቻ ይጠጣ የነበረ ሰው ዘመድ መጥቶ እስከ በረካ መጠጣት ሲጀምርና ይህም በየቀኑ ሲሆን ሲደነዝዝ ታዩታላችሁ። ቡና አትከልክሉት፣ ሰው ነው። ልማዱ በድንገት ሲቀየር ግን ንገሩን።

ከዚያ ጠብቁ። አሁን ደግሞ ጠብቁ የምለው እኔ ነኝ፤ ሳቁብኝ። ክሎዛፒን በትክክለኛ መጠኑ ቢያንስ ሦስት ወር ይሰጠው። አንዳንዱ ላይ እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። ሰባት ዓመት የዘገየውን መድኃኒት በሰባት ሳምንት «አልሠራም» ብሎ ማቆም ግፍ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ። ሦስቱን ልጻፍ።

አንድ ወንድም ጸበልን አነሳ። መድኃኒት እየተዋጠ መጠመቅ ይቻላል ወይ አለ። ይቻላል። እኔ የማከማቸው ብዙዎቹ ሁለቱንም ያደርጋሉ፣ አንድም ነገር አያጋጭም። ችግሩ ጸበል ቦታ ሁለት ሳምንት ሲከረም ክኒኑ ቤት መቅረቱ ነው። የ48 ሰዓቱ ነገር እዚያ ላይ ይመጣል። ክኒኑን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ካህኑንም አማክሯቸው፤ ብዙዎቹ መድኃኒቱን ውሰዱ እንጂ ተዉ አይሉም።

አንዲት እህት ወንድሟ አሜሪካ እንዳለ ነገረችን። ክሎዛፒን ጀምሮ በደንብ ተሻሽሎ ሳለ ኒውትሮፊሉ ወረደ ተብሎ ቆመበት። ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ኒውትሮፊል የነጭ ደም ሴል አንዱ ዓይነት ነው። አፍሪካዊ ዘር ባላቸው ብዙ ሰዎች፣ በየመኖችም ዘንድ፣ ቁጥሩ በተፈጥሮ ዝቅ ይላል። በሽታ አይደለም፤ ደፊ የሚባል የደም ዓይነት ከሌላቸው መሆኑ ጋር የተያያዘ ነው። ያ የደም ዓይነት የሌላቸውን ሰዎች ቫይቫክስ የሚባለው ወባ በቀላሉ አይዛቸውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ደፊ ያለውም የሌለውም ሰው አለ፤ ለዚህም ነው ቫይቫክስ ወባ ከብዙው ምዕራብ አፍሪካ ጠፍቶ እኛ ጋ የሚገኘው። አሜሪካ ውስጥ ለሌላው ሰው ክሎዛፒን ለመጀመር ቁጥሩ 1,500 እንዲሆን ሲጠየቅ፣ ለእነዚህ ሰዎች 1,000 እንደሚበቃ ከ2015 ጀምሮ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ወንድምሽ ሐኪሙን «ይህ በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ኒውትሮፊል ሊሆን ይችላል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት የተነሳ የደም ውጤት ካለው ይዞ ይሂድ። አዲስ አበባ እያለ የተመረመረበት አሮጌ ወረቀት እዚያ ወርቅ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ የአንድ አዛውንት ነበር። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የተነሱት። «ልጄ ከታመመ 19 ዓመቱ ነው። አንተ ስለ መጀመሪያው ዓመት ታወራለህ። ለእኔስ ረፈደ?» አሉኝ።

ጋሼ፣ አልኳቸው፣ ያ የ1988 ጥናት ላይ የነበሩት 268 ሰዎች እኮ የአንድ ዓመት በሽተኞች አልነበሩም። ዓመታት ሆስፒታል ተኝተው የከረሙ ናቸው። ክሎዛፒን ከተሰጣቸው ከመቶው 30ው የተሻላቸው እነሱ ናቸው። ከ75 ያነሰ ነው፣ አልዋሽዎትም። 70ው አልተሻላቸውም። ግን ልጅዎ ከየትኛው እንደሆነ ሳይሞክር ማንም አያውቅም። እስከ ዛሬ ምን ምን ወስዷል?

እሳቸው መልስ ሳይሰጡኝ አጠገባቸው የነበረችው ልጃቸው ቦርሳዋን ከፈተች። የልጅ ደብተር ነው ያወጣችው፣ ባለ ሃምሳ ቅጠል። መድኃኒቱ፣ የተጀመረበት ቀን፣ ስንት ሚሊግራም፣ ለምን እንደቆመ፣ ሁሉም በየመስመሩ ተጽፏል። «ሱባኤ» የሚል አለ። «ብር አልቆ» የሚልም አለ። ስብሰባው አልቆ ሰው ሲበተን ሦስታችን ወንበር ስበን ተቀመጥን። ከ6 ሳምንት በታች የተወሰዱትን በእርሳስ መሰረዝ ጀመርን። ከዘጠኝ መድኃኒት ያልተሰረዙት ሦስት ሆኑ። ከሦስቱ ውስጥ ክሎዛፒን የለም። ሪፈሩን እዚያው ጻፍኩላቸው።